አሮጌው ማይክሮፎንና አዲሱ ኮምፒውተር

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬአለሁ። በ7ኛ ክፍል ሳለሁም ትርጕሙን ተጠይቄ በሚገባ ስላስረዳሁ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ዳሩ ግን ማርክ ማግኘትና ነገሩን ማወቅ ልዩ ልዩ መሆናቸውን የተረዳሁት ዘንድሮ ነው፤ ምሳሩን ይዤ የተገኘሁት እኔው ራሴ ነበርሁና። ስለዚህ ስለ አንድ አሮጌ ማይክሮፎንና ስለ አንድ አዲስ ኮምፒውተር በዚህ መጽሔት ላይ ጥቂት ብጽፍ፣ ለጓደኞቼ የሚጠቅም ዕውቀት፣ ለእኔም የልብ ዕረፍት ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

ሁላችሁም እንደምታውቁት በትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ክበብ አለ። በዕረፍት ሰዓት በግቢው ድምፅ ማጉያ የምትሰሙት ዜና፣ የፈተና ማስታወቂያ፣ ግጥምና አጭር ድራማ ሁሉ የሚቀዳው ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። የክበቡ ሊቀ መንበር እኔ ስለ ሆንሁ የክፍሉ ቁልፍ በእጄ ነበር። የምንቀዳበትን ማይክሮፎን በ2003 ዓ.ም. በስጦታ የሰጡን ከዚሁ ትምህርት ቤት ተምረው የወጡ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። ቀለሙ ተላልጦአል፤ እግሩም ተሰብሮ በፕላስተር ታስሮአል። ይሁን እንጂ የሚቀዳው ድምፅ እጅግ የጠራ ስለ ነበረ፣ ከእርሱ ሌላ ለመግዛት ያሰበ ሰው አልነበረም።

የማይክሮፎኑ አሠራር እንዲህ ነው። ከወንፊቱ በስተ ኋላ እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን አለ፤ ከሽፋኑም ኋላ ሳይነካው ተጠግቶ የቆመ የብረት ዝርግ አለ። ሰው ሲናገር አየሩ ሽፋኑን ያርገበግበዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብና ሲሰፋም የኤሌክትሪኩ መጠን አብሮ ይለዋወጣል። በውስጡ ያለች ትንሽ መሣሪያ ይህን ለውጥ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 44,100 ጊዜ እየለካች ወደ ቍጥር ትለውጠዋለች፤ ቍጥሩንም ዩኤስቢ በሚባለው ገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ትልከዋለች። ለሥራው የሚያስፈልገው የ5 ቮልት ኤሌክትሪክም የሚመጣለት በዚያው ገመድ ነው።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የክበቡ አባል የሆነ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ክፍሉን ሲጠርግ ገመዱ በመጥረጊያው ተጠለፈና ማይክሮፎኑ ከጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ልጁ ሳይደብቅ ወዲያው መጥቶ ነገረኝ። አንሥቼ ባየው ወንፊቱ በአንድ ወገን በጥቂቱ ጐድጕዶአል። ረቡዕ ዕለት በአሮጌው ኮምፒውተር የፈተናውን ፕሮግራም ቀዳንበት፤ እንደ ወትሮው ሠራ።

ዓርብ ዕለት ብዙ ጊዜ ስንለምነው የነበረው አዲስ ኮምፒውተር መጣልን። አሮጌው በዊንዶውስ 7 የሚሠራና ለመነሣት ብቻ ብዙ ደቂቃ የሚፈጅ ስለ ነበረ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ዕቃ ቤት ተወሰደ። በአዲሱ ላይ የተጫነው ዊንዶውስ 11 ነው። ያን ዕለት የተሰማኝ ደስታ እንዲህ ነው ብዬ ለመናገር አልችልም። ጓደኞቼ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እኔ እስኪመሽ ድረስ ብቻዬን ተቀምጬ ሳስተካክለው ቆየሁ። በዚያ ምሽት በገዛ እጄ ካደረግኋቸው ነገሮች አንዱን በኋላ እናገራለሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ ለወላጆች ቀን የሚሆን ድራማ ለመቅዳት ስድስት ሆነን ተሰበሰብን። ማይክሮፎኑን ሰካሁት፤ አረንጓዴ መብራቱም በራ። ኮምፒውተሩም በዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙን አወጣ። ከዚያ በኋላ ኦዳሲቲ የተባለውን የመቅጃ ፕሮግራም ከፍቼ ቀዩን ምልክት ተጫንሁ። ድምፅ ሲገባ እንደ ተራራ ሰንሰለት ከፍና ዝቅ ማለት የሚገባው መሥመር፣ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ። ተናገርን፤ ጮኽን፤ ጠረጴዛውንም መታን። ክሩ ግን አልተነቃነቀም።

ምክንያቱን ፈልጌ ለማግኘት ሞከርሁ ለማለት እችላለሁ፤ ነገር ግን በእውነቱ የሞከርሁት በተዘበራረቀ መንገድ ነበር። ገመዱን ነቅዬ በሌላ ቀዳዳ ሰካሁት፤ በዚያው ቅጽበት የመቅጃውን ፕሮግራም ቋንቋ ለወጥሁ፤ ወዲያውም ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሣሁ። ከዚያ ለማይክሮፎኑ የሚስማማ ድራይቨር በኢንተርኔት ፈለግሁ፤ ለዚህ ዓይነቱ አሮጌ ዕቃ ለዊንዶውስ 11 ተብሎ የተዘጋጀ አላገኘሁም። ሦስትና አራት ነገር በአንድ ጊዜ ስለ ነካካሁ፣ የትኛው ምን እንዳመጣ ለማወቅ አልቻልሁም። በዚህ ጊዜ የደከመ አእምሮ የሚወደው ነገር መጣልኝ፤ ይኸውም ጥፋተኛ መፈለግ ነው።

«ይህ ማይክ የሞተው ባለፈው ሰኞ ሲወድቅ ነው» አልሁና ወደ ልጁ ተመለከትሁ።

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። «ከወደቀ በኋላ እኮ ረቡዕ ቀድተንበታል፤ አንተም ነበርክ» አለኝ።

«ረቡዕ ታሞ ነበር፤ ዛሬ ሞተ» ብዬ መለስሁለት።

ሌሎቹ ሳቁ። እኔም የተናገርሁት ነገር ብልኀት መስሎኝ ደስ አለኝ። ልጁ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ደብተሩን ይዞ ወጣ። አሁን ሳስበው ግን በዚያች ክፍል ውስጥ ከተነገረው ሁሉ እውነተኛው ማስረጃ የእርሱ ቃል ብቻ ነበር። ሰኞ የወደቀ ዕቃ ረቡዕ በደኅና ከሠራና ኮምፒውተሩ በተለወጠ ማግስት ዝም ካለ፣ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው የተለወጠው ነገር ነው። ይህን ለማሰብ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ አያስፈልግም ነበር። ነገር ግን ማይክሮፎኑ አሮጌ፣ ልጁም ታናሽ ስለ ነበሩ፣ ጥፋቱን በሁለቱ ላይ መጣል ቀላል ሆነልኝ። አዲሱን ኮምፒውተርና ሊቀ መንበሩን ማን ይጠረጥራል?

ለክበቡ ኀላፊ መምህራችን ማይክሮፎኑ እንደ ተበላሸና ማን እንደ ጣለው ጽፌ አስታወቅሁ። በትምህርት ቤታችን ደንብ ዕቃ ያበላሸ ተማሪ ወላጅ ያመጣል። ሐሙስ ጧት የልጁ እናት መጡ። እኒህ እናት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ናቸው። የዱቄቱ ብናኝ ከእጃቸው ላይ ገና አልጠፋም ነበር። መምህሩ ነገሩን ሲያስረዷቸው ቆመው አዳመጡና፣ «ዋጋው ስንት ነው?» ብለው ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ብር መፍታት ጀመሩ።

መምህሩም «ዋጋው ገና አልተጠየቀም እትዬ፤ ለጊዜው ይያዙት» አሏቸው።

እርሳቸው ብሩን መልሰው እየቋጠሩ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ልጄ እጁ ሊስት ይችላል፤ ሁላችንም እንስታለን። ምላሱ ግን አይዋሽም። ረቡዕ ሠርቷል ካለ ሠርቷል» አሉ። በቁጣ የተናገሩት አልነበረም። ተሳድበው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር። እኔ ግን ረቡዕ መሥራቱን በጆሮዬ ሰምቼ ሳለ፣ በእኒህ እናት ፊት አንገቴን ደፍቼ ዝም አልሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ከዐይኔ ጠፋ። ዓርብ ጧት ደወል ሳይደወል ወደ ኮምፒውተር ላብራቶሪው ኀላፊ ሄድሁና ሁሉን ነገርኋቸው። እርሳቸውም አስቀድመው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ማይክሮፎኑን በሌላ ኮምፒውተር ሞክረኸዋል?» አሉኝ። አለመሞከሬን ስነግራቸው ምንም አልተቆጡም፤ «ና እንሂድ» ብለው ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰዱኝ።

አሮጌውን ኮምፒውተር አቧራውን ጠርገን አስነሣነው። ማይክሮፎኑን ሰካንና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አልሁ። መሥመሩ ተራራ ሠራ። መልሰን ስናጫውተው ያ የጠራ ድምፅ እንደ ነበረ ወጣ። በዚያች ደቂቃ ሁለት ነገር በአንድነት ተሰማኝ፤ ማይክሮፎኑ በመዳኑ ደስታ፣ በልጁ ላይ ባደረግሁት ነገር ደግሞ ኀፍረት።

ኀላፊዋ ግን በዚህ አላበቁም። «አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንሞክር» አሉና፣ በላብራቶሪው ዘወትር የሚሠሩበትን ማይክሮፎን ያለው የጆሮ ማዳመጫ አምጥተው በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሰኩ። እርሱም ዝም አለ። እንግዲህ የተጠረጠረው ማይክሮፎን በሌላ ኮምፒውተር ከሠራ፣ ደኅናው ማይክሮፎን ደግሞ በዚህ ኮምፒውተር ካልሠራ፣ ችግሩ ያለው በኮምፒውተሩ ዘንድ መሆኑ ተረጋገጠ። ይህ ሁሉ የፈጀው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ እኔ ግን ሳላደርገው አራት ቀን አሳለፍሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ መመርመር ጀመርን። አንዱን ነገር ለውጠን እንሞክራለን፤ ካልሆነ ወደ ነበረበት እንመልሰዋለን። መጀመሪያ ባለ አራት ቀዳዳውን ማከፋፈያ አስወግደን ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተሩ ጋር በቀጥታ አገናኘነው። የራሱ ኤሌክትሪክ የሌለው ማከፋፈያ በደንቡ ለአንዱ ዕቃ የሚያደርሰው 100 ሚሊ አምፔር ያህል ሲሆን፣ የኮምፒውተሩ ቀዳዳ ግን በዩኤስቢ 2.0 ደንብ እስከ 500 ሚሊ አምፔር ይሰጣልና። መሥመሩ አሁንም ቀጥ እንዳለ ነው። ሁለተኛ፣ በድምፅ ማስተካከያው ገጽ ላይ ድምፅ እንዲቀበል የተመረጠው ዕቃ የትኛው እንደ ሆነ አየን፤ የእኛው ማይክሮፎን ተመርጦአል። ሦስተኛ፣ የመቀበያው መጠን ዜሮ ላይ እንዳይሆን አየን፤ አልነበረም። አራተኛ፣ «የግል ምሥጢርና ደኅንነት» ወደሚለው ክፍል ገብተን ስለ ማይክሮፎን የተጻፈውን ገጽ ከፈትን።

በዚያ ገጽ ላይ ሦስት ቁልፎች አሉ። አንደኛው በኮምፒውተሩ ላይ ማይክሮፎን ጨርሶ እንዲፈቀድ ወይም እንዲከለከል የሚያደርግ ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሞች በጠቅላላው እንዲጠቀሙበት የሚፈቅድ ነው። ሦስተኛው፣ ከገጹ በታች በኩል ያለው፣ እንደ ኦዳሲቲ ያሉትን የተለመዱ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች የሚመለከት ነው። ሦስቱም ተዘግተው ነበር።

ኀላፊዋ «ማነው የዘጋቸው?» አሉ።

ከላይ በኋላ እናገራለሁ ያልሁት ነገር ይህ ነው። የዘጋኋቸው እኔ ነኝ። በዚያ ዓርብ ምሽት ኮምፒውተሩን ሳስተካክል፣ ሰዎች በማይክሮፎንና በካሜራ በኩል ሊሰልሉን ይችላሉ የሚል ወሬ ትዝ አለኝ። ስለዚህ በዚያ ክፍል ያገኘሁትን ቁልፍ ሁሉ እየዘጋሁ ሄድሁ። የሚያደርጉትን አንብቤ ሳይሆን፣ መዝጋት ጥንቃቄ ስለ መሰለኝ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ማይክሮፎኑ ዝም ሲል ያን ሥራዬን ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። ኮምፒውተሩ ታማኝ አገልጋይ ሆኖ ያዘዝሁትን ፈጸመ፤ ማይክሮፎኑም ሥራውን አላቋረጠም፤ ድምፁን በራፍ ድረስ አመጣ፤ በሩን የቈለፍሁት ግን እኔ ነበርሁ። ቁልፎቹን ከፈትን፤ ቀዩን ምልክት ተጫንን፤ ተራራውም ታየ።

በዚያ ሳምንት «ዕቃው አርጅቶአል፤ ከአዲሱ ጋር አይስማማም» ሲሉ የሰማኋቸው ሰዎች ብዙዎች ስለ ነበሩ፣ ኀላፊዋ ስለዚህ ነገር ያስረዱኝን እዚህ ላይ ልጨምር። ዩኤስቢ የተሠራው ዕቃዎችና ኮምፒውተሮች እንዲግባቡ ነው። ቀድሞ የጽሕፈት ቁልፉ፣ ማተሚያውና ሌላው ዕቃ ሁሉ ለየራሱ ዓይነት መሰኪያ ነበረው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዩኤስቢ ደንብ ወጣ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የድምፅ ዕቃዎች ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩበት የጋራ ደንብ ተጨመረ። በዚህ ደንብ የተሠራ ማይክሮፎን የራሱ ድራይቨር አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው በኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀድሞ ተዘጋጅቶአል። ስለዚህ ድራይቨሩን ፈልጌ ያጣሁት የሚያስፈልግ ነገር ስላልነበረ ነው።

ፍጥነቱም ቢሆን አያሠጋም። የእኛ ማይክሮፎን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ሲለካ ለእያንዳንዱ ልክ 16 ቢት ይጠቀማል፤ ይህም 705,600 ቢት ነው። የመጀመሪያው ዘመን ዩኤስቢ በሰከንድ 12,000,000 ቢት ድረስ ለማስተላለፍ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ማይክሮፎኑ የሚወስደው ከ17 እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነው። አዲሶቹ ኮምፒውተሮችም ይህንኑ የቀድሞውን አካሄድ ያውቃሉ። መሰኪያው ሞላላና ትንሽ በሆነበት ኮምፒውተር ላይ እንኳ፣ የሚያስፈልገው አንዲት ትንሽ ማገናኛ ብቻ ናት። እንግዲህ እርጅና ብቻውን ወንጀል አይደለም።

ማይክሮፎኑን መሥራቱን አይቼ ወደ መምህሩ ሄድሁና እውነቱን ነገርኋቸው። ልጁንም ለብቻው ጠርቼ ይቅርታ እንደምጠይቀው ገለጽሁላቸው። እርሳቸው ግን ጥቂት አሰቡና፣

«የከሰስከው በስንት ሰው ፊት ነው?» አሉኝ።

«በአምስት ተማሪዎች ፊት» አልሁ።

«ወሬውስ የት ደረሰ?»

«ግቢው ሁሉ ሰምቶታል።»

«እንግዲያው ይቅርታውም ወሬው የደረሰበት ይድረስ» አሉኝ።

ሰኞ ዕለት በዕረፍት ሰዓት የተላለፈውን መልእክት የሰማችሁ ታስታውሱት ይሆናል። በዚያው ማይክሮፎን፣ በዚያው ኮምፒውተር ነው የቀዳሁት። ሦስት ጊዜ ቀዳሁት፤ ሁለቱን ጊዜ ድምፄ ተንቀጥቅጦ አላስጨረሰኝም። ማይክሮፎኑ እንዳልተበላሸ፣ ልጁም እውነቱን ተናግሮ እንደ ነበረ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደ ሆነ ተናገርሁ። መልእክቱ በድምፅ ማጉያው ሲሰማ ከክፍሉ አልወጣሁም።

ቅዳሜ ዕለት ወደ እናቱ ቤት ሄድሁ። ምጣዱ እንደ ተጣደ ነበር። በር ላይ ቆሜ ምን ብዬ እንደምጀምር ሲጠፋኝ እርሳቸው ቀደሙኝና፣ «ማይኩ ዳነ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልታመመም ነበር፣ እትዬ» አልኋቸው።

ተመልክተውኝ ዝም አሉ፤ ከዚያም «ግባና ብላ» አሉኝ። ልጁ ግን ወዲያው አልታረቀኝም። ወደ ክበቡ የተመለሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሲመለስም ከእኔ ጋር ሳይሆን ከሥራው ጋር እንደ ተመለሰ አድርጎ ነበር። አልፈረድሁበትም። ዛሬ የክፍሉ ቁልፍ በእርሱ እጅ ነው፤ ከመቅዳታችን በፊትም ዕቃውን ሁሉ የሚፈትሸው እርሱ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ እኔ ከዚህ ትምህርት ቤት ልሰናበት ጥቂት ጊዜ ቀርቶኛል። ከእኔ በኋላ በዚያች ክፍል የምትሠሩ ሁሉ፣ አንድ ዕቃ ዝም ባለባችሁ ጊዜ አስቀድማችሁ በሌላ ኮምፒውተር ሞክሩት፤ በዚያው ኮምፒውተር ላይም ሌላ ደኅና ዕቃ ሞክሩበት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የለወጣችሁትንም ጻፉ። የተከሰሰ ሰው ሲናገር ደግሞ እስኪጨርስ ስሙት፤ የምትፈልጉት ማስረጃ በእርሱ አፍ ውስጥ ሊሆን ይችላልና። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ነው። እኔ የነገሩን ሥር ፍለጋ ወደ አንድ ታናሽ ልጅ ሄጄ ነበር፤ ቆፍሬ ባየው ግን ያገኘሁት የራሴን እጅ ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ